ማድሟዜል ስዊንግ፦ ጦርነት የሌለበት የጦርነት ዘመን ፊልም

በክፉ ዘመን መሳቅ ነውር ነው ወይስ መድኃኒት? እኛ ጓደኛሞቹ በዚህ ጥያቄ ስንከራከር ሰነበትን። ያከራከረን አንድ የድሮ የፈረንሳይ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው፤ «ማድሟዜል ስዊንግ» ይባላል። ሪሻር ፖቲዬ ያዘጋጀው ይህ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ፓሪስ በናዚ ጀርመን ጦር እጅ ከወደቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል ማለት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ኢሬን ደ ትሬቤር የምትጫወታት ወጣት በስዊንግ ሙዚቃ ፍቅር ተነድፋ ከአንጉሌም ወደ ፓሪስ ትሄዳለች፤ ትዘፍናለች፤ ዝነኛም ትሆናለች። የሬይሞን ሌግራን ኦርኬስትራ ያጅባታል። ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ይደንሳል። ጦርነት የሚባል ነገር ግን የለም።

ከሲኒማ ቤቱ ውጭስ? የሕዝብ ጭፈራ ከ1940 ጀምሮ ተከልክሏል። በጀርመኖች በተያዘው ክፍል የአሜሪካ ፊልም አይታይም። የቪሺ መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ አይሁዳውያን ከፊልም ሥራ ተባረዋል። ዳቦ በራሽን ነው። ተመልካቹ በመንገዱ ላይ የተከለከለውን ዳንስ ትኬት ቆርጦ በሸራ ላይ ያያል።

ከመካከላችን ግማሹ «ይህ ማደንዘዣ ነው» አለ። ግማሹ ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ሲሰለፍ የዋለ ሰው ሁለት ሰዓት ቢተነፍስ ምን አለበት? ጥርስ ሞኝ ነው፣ ዘመድ ሞቶ ይስቃል ይባል የለ?» ሲል መለሰ።

ክርክሩን ያበረደው ዛዙዎችን ማንሳታችን ነው። ዛዙ ማለት ረጅም ኮት የሚለብስ፣ ፀጉሩን የሚያሳድግ፣ ስዊንግ የሚወድ የዚያ ዘመን የፓሪስ ወጣት ነው። በዚያው በ1942 የፋሺስት ወጣቶች ቡድን መቀስና መላጫ ይዞ እያሳደደ ፀጉራቸውን ይላጭ ነበር። በሰኔ ወር አይሁዳውያን ቢጫ ኮከብ በደረታቸው ላይ እንዲሰፉ ሲታዘዙ፣ አይሁዳዊ ያልሆኑ አንዳንድ ወጣቶች የራሳቸውን ኮከብ ሠርተው ለጠፉ። ከፊሎቹ ላይ የተጻፈው ቃል «ስዊንግ» ነበር። ተይዘው ታሰሩ፤ ድራንሲ ካምፕ የገቡም አሉ። በሐምሌ 16 እና 17 ደግሞ የፈረንሳይ ፖሊስ በፓሪስና አካባቢዋ ከ13,000 በላይ አይሁዳውያንን አፈሰ። ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቃሉ አንድ ነው። በፊልም ርዕስ ላይ ሲጻፍ ትኬት ይሸጣል፤ በቢጫ ጨርቅ ላይ ሲጻፍ ያሳስራል። ፊልሙ ስዊንግን የሚያውቀው እንደ ዳንስ ብቻ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ልጆቹ ግን ቃሉን ከተገፋው ጎረቤታቸው ጎን ለመቆም ተጠቀሙበት። ሳንሱር ቀልድን አይፈራም። የሚፈራው ቀልዱ ከማን ጎን እንደቆመ ሲታወቅ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን ለማየት የተሰለፈውን ፓሪሳዊ አንወቅሰውም። በዚያ ብርድና ረሃብ እኛም እንሰለፍ ነበር። የከበደን ሌላ ነው፦ ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራ፣ ኮከብ የለጠፈው ጎረቤታችን በአጠገባችን ሲያልፍ ቀና ብለን እናየው ነበር? በዚህ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።