የአንድ ቅዳሜ ጉዞ፤ ከገንዳ ውኃ እስከ አይከል

የዚህ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች «ለማስተማር ልምምድ ለሚወጡ ሠልጣኞች አንድ ነገር ጻፉልን» ቢሉን፣ ምክር ከመደርደር ይልቅ ያሳፈረንን ጉዳይ ማውጋት መረጥን። ምክሩንማ መምህራኖቻችሁ በየዕለቱ ይሰጧችኋል። እኛም እንደናንተው ወንበር ላይ ተቀምጠን ሰምተነዋል፤ ግማሹንም ረስተነዋል።

ዘመኑ 2006 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ስድስት ሆነን ለልምምድ መተማ ወረዳ፣ ገንዳ ውኃ ደረሰን። ከስድስታችን አምስቱ የደጋና የወይና ደጋ ልጆች ስለነበርን የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍነው ስለ ሙቀቱ በማማረር ነው። ሌሊት እንደ አገሬው አልጋችንን ደጅ አውጥተን አጎበር ወጥረን እንተኛለን፤ ጠዋት ደግሞ ላባችንን እየጠረግን ስለ አየር ጠባይ እናስተምራለን።

ታዲያ ለአምስተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት አጭር ፈተና አወጣን። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ለሰው ልጅ ኑሮ ይበልጥ ተስማሚ የሆነው የአየር ጠባይ የቱ ነው?» የሚል ነበር። መልሱ ወይና ደጋ ነው፤ እኛም ስንማር እንዲያ ተብለናል። አንድ ልጅ ግን «ቆላ» የሚለውን አክብቦ ሰጠን። ኤክስ አደረግንበት። ወረቀቱን ስንመልስለት እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ታዲያ ሰው ሁሉ ከደጋ ወደ እኛ አገር ለምን ይመጣል?» አለን።

ከመካከላችን ሁለቱ ሳቁ፤ ተማሪውም ተከትሎ ሳቀ። «ቁጭ በል፣ መጽሐፍህን አንብብ» አልነው። ልጁ ቁጭ አለ። ነገሩ በዚህ አለቀ ብለን ነበር።

ወደ ጭልጋ ተራራ እንውጣ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው ብንል ዋሽተናል። እውነቱ ብርድ ናፍቆን ነው። የዳባቱ ባልደረባችን «አንድ ቀን እንኳ ጋቢ ለብሼ ልዋል» እያለ ሲያላዝን፣ ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ወጥተን ማታ ልንመለስ ተስማማን። ዓርብ ማታ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ስንጠጣ ይህንኑ ስናወራ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ሰማችን። የዚያ ልጅ እናት መሆኗን እስከዚያ አላወቅንም። «አይከል ከወጣችሁማ ይችን ለእናቴ አድርሱልኝ፤ ቤቷ ከገበያው ብዙም አይርቅ» ብላ በጨርቅ የተቋጠረ ሰሊጥና 100 ብር ሰጠችን። አደራ ሆነብን።

ጠዋት በ12 ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። ቅጥቅጡ የተነሣው ግን 2 ሰዓት አልፎ ነው። በዚያ ወራት ወደ ላይ የሚሄድ ተሳፋሪ ስለማይገኝ ረዳቱ «አይከል! ጎንደር!» እያለ ቢጮኽ ሰው አጣ። ከላይ የሚመጣው መኪና ግን ሁሉም ጢም ብሎ ነው፤ አይሱዙው ላይ ማጭድና ጥቅልል ብርድ ልብስ የያዘ ወጣት ቆሞ ይወርዳል። ሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ቀኑ ካለፈ ፍሬው ይፈነጥቃል፤ ጊዜ አይሰጥም። ሳሉግ የሚባሉት የጉልበት ሠራተኞች ከየደጋው የሚጎርፉት ለዚህ ነው። ስንቱ እንዳለፈን ልንቆጥር ጀምረን ተውነው። ማናችንም ስለ ልጁ ጥያቄ አልተነፈስንም፤ ግን እርስ በርሳችን መተያየታችን አልቀረም።

መንገዱን በጥቂቱ እንንገራችሁ። የመተማ ወረዳ መሬት ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ጥቁሩ ዋልካ ሜዳ፣ በነዶ በነዶ የቆመ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው። ቀጥሎ ቅርፊቱን ተልጦ የሚያነባው የዕጣን ዛፍ ይመጣል። ነጋዴ ባሕርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ጆሯችን ድፍን አለ። መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪና ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ ለተማሪ በጠመኔ ጽፈናል፤ በመስኮት ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ ባልደረባችን እጁን አውጥቶ «እነሆ መቶ ሜትር፣ እነሆ ሌላ መቶ» እያለ ረዳቱን አሳቀው።

መንገዱ ጥንታዊ ነው። የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ወደ ሱዳን የወረደው በዚህ በኩል ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁትም በዚሁ መንገድ ጫፍ፣ መተማ ላይ ነው። የጭልጋ አፈር ደግሞ ከሰውም ይቀድማል፤ የ27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የዝሆን ዘመዶች ቅሪት እንደተገኘበት በ1996 ዓ.ም. ለዓለም ተነግሯል። ይህን ሁሉ ያወቅነው ከተመለስን በኋላ ነው። በላዩ ስንነዳ የበላነው ቆሎ ብቻ ነው።

ከኋላችን አንድ በሽተኛ ተኝቶ ነበር። ዕድሜው ከኛ አይበልጥም፤ ሰውነቱ መንምኖ ሆዱ አብጧል፤ ወር ሙሉ አተኩሶታል አሉን። ተሳፋሪው «ወባ ነው» አለ፤ እኛም ወባ ነው አልን። ካላዛር የሚባል በሽታ መኖሩን፣ የአሸዋ ዝንብ እንደምታስተላልፈው፣ ዝንቧም በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር እንደምትውል፣ ይበልጥ የሚያጠቃውም ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ እንደሆነ የተረዳነው ከዓመታት በኋላ ነው። ጎንደር ሆስፒታል እያደረሰው የነበረው ታናሽ ወንድሙ ውኃ በኮዳ ክዳን ያጠጣው ነበር።

አይከል ስንወርድ ነፋሱ ተቀበለን። የባሕር ዛፍ ሽታ፣ ጤፍ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው! የዳባቱ ልጅ እጁን ዘርግቶ ዞረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንመን፦ ደጋ ወጣን ብለን ስንፎክር አይከል ከ2,000 ሜትር በላይ ትሁን እንጂ በራሳችን ሠንጠረዥ ወይና ደጋ ናት። ማለትም የፈተናው መልስ ላይ ቆመናል።

የልጁን አያት አገኘናቸው። ሰሊጡን ዘግነው አሸተቱና ቤት አስገቡን፤ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። ከጓሮ ያለው ማሳ ተዳፋት ነው፤ ድንጋዩ አፈሩን በልጦታል።

«ይችን ለአራት ልጅ ባካፍል ምን ይደርሳቸዋል?» አሉን። ልጃቸው ከባሏ ጋር የወረደችው በ1996ቱ ሠፈራ ነው። «እርስዎስ ለምን አልወረዱም እማማ?» አልናቸው።

«እኔ? ወንድሜን ቆላ በልቶታል። ሊያጭድ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ መቃብሩን አላየሁም። እሷ ደግሞ ቆላ ወርዳ ልጆቿን አጥግባ ታበላለች። ምን ልበል ልጆቼ?» ዝም አሉና «የልጅ ልጄን ታስተምሩታላችሁ አሉ። እንዴት ነው ትምህርቱ?» ብለው ጠየቁን።

ስድስታችንም እንጀራችን ላይ አቀረቀርን። በመጨረሻ አንዱ «ጎበዝ ነው፤ ይጠይቃል» አለ። አያቲቱ ደስ አላቸው። እኛ ግን ያ ጉርሻ አልወርድ አለን።

ስንመለስ ቅጥቅጡ በአጫጆች ሞልቶ በየዕቃው ላይ ተቀምጠን ወረድን። መንገዱን ሙሉ ተከራከርን። ግማሻችን «ነጥቡ ይሰጠው፤ ልጁ ያየውን ነው የመለሰው» አልን። ግማሻችን «ነገ በትልቅ ፈተና ይኸው ጥያቄ ቢመጣ ቆላ ብሎ ሊወድቅ ነው እኮ፤ ደግሞስ ያን በሽተኛ ረሳችሁት?» አልን። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ጥያቄው ራሱ ነው የከፋው፤ ለማን፣ ለምን ኑሮ እንደሚስማማ ሳይል «ለሰው ልጅ» የሚል ጥያቄ ያወጣነው እኛ ነን። (ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል የገባውን ሕዝብ ስንሰማ የልጁ ነገር እንደገና ትዝ አለን፤ በዚያ በኩልም ቆላው ነው የተቀበለ።)

ሰኞ ጥያቄውን ከፈተናው ሰርዘን ለክፍሉ ሁሉ ነጥቡን ሰጠን። የክፍሉ መምህር አልወደዱትም፤ «ሠልጣኝ ሆናችሁ ውጤት ትነካላችሁ?» ብለው ገሠጹን፤ ተቀበልን። ከዚያ ልጁን አስነሣነውና በተማሪው ፊት «ባለፈው የጠየቅኸን ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እስቲ ድገምልን» አልነው።

ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ወደ መሬት።

«ረስቼዋለሁ ቲቸር» አለን።