የባሕር አረምና የስደት ሕግ

የስኮትላንድ ታሪክ ሲነሣ አዘውትረው የሚወሱት ነገሥታቱ፣ ጦርነቶቹና ግንቦቹ ናቸው። የምዕራብ ደሴቶቿን የባሕር አረም የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይሁንና የሠራተኛ ፍልሰትን ፖለቲካ ለሚመረምር አንባቢ ከግንቦቹ ይልቅ የሚያስተምረው ይህ አረም ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሄብሪዲስ ደሴቶች ባለርስቶች የባሕር አረም እያስቃጠሉ፣ «ኬልፕ» የተባለውን አመድ ለመስታወትና ለሳሙና ሠሪዎች ይሸጡ ነበር። ለአንድ ቶን ኬልፕ 20 ቶን ያህል እርጥብ አረም ያስፈልግ ነበር። የናፖሊዮን ጦርነት ከስፔን ይመጣ የነበረውን ተፎካካሪ ምርት ሲያስተጓጉል ዋጋው ናረ። ባለርስቶቹም ጭሰኞቻቸውን በባሕሩ ዳር በጠባብ ቁራሽ መሬት ላይ አሰፈሩ። መሬቱ ብቻውን ቤተሰብ ስለማይቀልብ፣ ጭሰኛው አረም ለመልቀም መውረዱ ግድ ሆነበት።

ብዙዎች ግን ወደ ሰሜን አሜሪካ መሰደድን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1803 የብሪታንያ ፓርላማ አንድ መርከብ የሚጭነውን የመንገደኛ ቁጥር የሚገድብ፣ በቂ ስንቅም እንዲያዝ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። የመርከቦቹ መጨናነቅና በሽታ እውነት ስለነበር ሕጉ ከርኅራኄ የራቀ አልነበረም። ሆኖም እንዲወጣ ከወተወቱት መካከል የጉልበት እጥረት ያሰጋቸው ባለርስቶች ነበሩበት። የጉዞው ዋጋም ከብዙ ድኾች አቅም በላይ ሆነ።

ከ1815ቱ ሰላም በኋላ የስፔን ምርት ተመለሰ፤ ቀረጡም ሲቀንስ የኬልፕ ገበያ ወደቀ። ትናንት እንዳይሄድ የተከለከለው ጭሰኛ አሁን «ትርፍ ሕዝብ» ተባለ። በ1846 የድንች በሽታ ረኀብ አስከተለ። በ1851 የሳውዝ ዩስትና የባራ ደሴቶች ባለርስት ጆን ጎርደን 1,700 ያህል ሰዎችን፣ ከፊሎቹን በግድ፣ ወደ ካናዳ አስጫነ።

ይህ ታሪክ ፍልሰተኛን እጠብቃለሁ የሚል ሕግ ሁሉ ማታለያ ነው አያሰኝም። የፍልሰት ሕግ ሲረቀቅ ግን ጉልበቱ የማን እንደሆነና ትርፉ ለማን እንደሚደርስ አብሮ መጠየቅ እንደሚገባ ያሳያል። በሁለቱም ዘመን ጭሰኛውን ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። በመሬቱ የመቆየት መብቱ በሕግ የጸናለት በ1886 ነው፤ ያም የሆነው በ1882 የስካይ ደሴት ጭሰኞች ከፖሊስ ጋር ከተጋጩና መርማሪ ኮሚሽን ከአንደበታቸው ቃላቸውን ከሰማ በኋላ ነው።