በቦሌ የቀረችው የዘር ቋጠሮ

ሰው ከአገሩ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ የሚይዘው ስንቅ የልቡን ነገር ይናገራል። ማታ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የመንገደኛውን ጓዝ የተመለከተ ሰው ይህን ሳይረዳው አይቀርም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹና ኮረሪማው በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ወደ ሚዛን ይወጣል፤ ክብደቱ ከተወሰነው ያለፈ እንደ ሆነ ልብሱ ይቀነሳል እንጂ ስንቁ አይቀነስም።

እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስታችንን ልንሸኝ ወደዚሁ ስፍራ ሄደን ነበር። አክስታችን በደንቢያ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ጓሯቸውን ሲኰተኵቱ ያሳለፉ ሴት ናቸው። ልጃቸው በዋሽንግተን ስለ ወለደች ሊያርሷት መሄዳቸው ነበር። በሻንጣቸው ጥግ በነጠላ ቅዳጅ የታሰሩ አምስት ትንንሽ ቋጠሮዎች ተገኙ፤ የአበሻ ጎመን፣ የዱባ፣ የቅል፣ የበሶብላና የጤና አዳም ዘር ነበሩ። አንድ ወጣት ሠራተኛ አይቶ በትሕትና፣ «እናቴ፣ ዘር ያለ ፈቃድና ያለ ዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከአገር አይወጣም» አላቸው።

አክስታችን ተገረሙ። «ልጄ፣ ይህን ከእናቴ ተቀበልሁ፤ እርሷም ከእናቷ ተቀበለች። የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?» አሉት። ወጣቱ አቀርቅሮ ዝም አለ። በመጨረሻም ቋጠሮዎቹን ወደ እኛ ዘርግተው፣ «እንግዲያስ አንተ ዝራው፤ ዘር ካልተዘራ ይሞታል» ብለውን ወደ ውስጥ ገቡ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩን አሰላሰልነው። ሕጉ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቍጥር 482 የዕፀዋትና የእንስሳት ዘር ሀብት ባለቤቶች መንግሥትና ሕዝብ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄት የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ኖሮ፣ የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. ፈጠራነት የለውም ብሎ በዚያ አገር እስኪሽረው ድረስ ብዙ ክርክር አስነሥቶ እንደ ነበር አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ይሁን እንጂ ዘርን ከሌባ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ከመረሳት መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሌላውን ዓለም ታሪክ ብንመለከት፣ የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች አባቶች ከሰባት መቶ ዓመት ያህል በፊት ከሞቃቶቹ የፓሲፊክ ደሴቶች በታንኳ ሲሻገሩ ኩማራ የሚባለውን ስኳር ድንች፣ ጎደሬንና ቅልን ይዘው ነበር። አዲሱ አገር ብርዳም ሆኖ ቢያገኙት አፈሩን ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር እየቀላቀሉ አሞቁት፤ ምርቱንም ለክረምት በጕድጓድ አኖሩት፤ በዚህም ዘሩን አተረፉ። ጎደሬውን የደቡብና የምዕራብ ገበሬዎቻችን ያውቁታል፤ ቅሉም በአክስታችን ቋጠሮ ውስጥ ነበረ። ምግብን በጕድጓድ ማኖርም ቆጮን ለሚቀብሩት ለጉራጌና ለሲዳማ እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ተክሉ ሳይጠፋ ዕውቀቱ ሊጠፋ ይችላል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ እንሰት በጎንደር ደኅና አድርጎ እንደሚበቅልና ከዓባይ ማዶ በሜጫ ምድር የሕዝቡ ዋና ምግብ እንደ ነበረ ጽፏል። ዛሬ በዚያው ወገን እንሰት ኮባ ተብሎ ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ቅጠል ነው። በደቡብ ሚሊዮኖችን የሚያኖረው ተክል እዚያ ከጓሮ ቆሞ ሳለ መብሉ ተረስቷል።

የውጭ ሊቃውንት የዘራችንን ክብር አስቀድመው አስተውለዋል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን በበቅሎ ዞሮ ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛ አገሮች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ በሽታን የመቋቋም ጠባይ በአሜሪካ የካሊፎርኒያን ገብስ ከብጫ አቀጭጭ በሽታ ጠብቋል። በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጀርመኖች እርዳታ የተቋቋመው የዕፀዋት ዘር ማዕከል፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተባለው፣ ይህን ሀብት በብርድ ክፍል ይጠብቃል። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘር በብርድ ክፍል ብቻ አይድንም፣ ገበሬው በማሳው እየዘራ ሊያኖረው ይገባል ብለው ደከሙ፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘሩን ለበላው ገበሬ የአገሩን ዘር መልሶ ማዳረስ የሥራቸው ዋና ክፍል ሆነ። ስለዚህም በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ይህን ሁሉ ስናወራ የራሳችንን ጥፋት ልንሸሽግ አይገባንም። ቋጠሮዎቹን ከመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን ረሳናቸው። ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን አክስታችን በስልክ፣ «ጎመኑ እንዴት ሆነ?» ብለው ቢጠይቁን፣ «ደርሷል፤ እየበላን ነው» ብለን ዋሸን። እንቅልፍ ነሣን። በማግሥቱ ቋጠሮዎቹን ብንፈታ እርጥበት ገብቶባቸው ሻግተዋል። ግቢያችን እንደ ቦሌ ሰፈር ቤቶች ሁሉ በሲሚንቶ የተለበጠ ስለ ሆነ፣ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረው ምድር ላይ ተቀምጠን የምንዘራበት ስንዝር መሬት አጣን። ባሮጌ ጣሳዎች አፈር ሞልተን ዘራነው። ዱባው፣ ቅሉና ጤና አዳሙ ጨርሶ አልበቀሉም። በሶብላው ጥቂት፣ ጎመኑም ሰባት እግር ያህል በቀለ።

ደውለን እውነቱን ነገርናቸው። አክስታችን ጥቂት ዝም አሉና፣ «ቅሉ የእናቴ ነበር» አሉ። ከዚያም ሳይቈጡ፣ «ሁለቱን ጎመን አትቅጠፋቸው፤ አብበው ያፍሩ፤ ፍሬው ሲደርቅ በጥላ አስጥተህ ለጎረቤት አካፍል። አንተ ብትረሳ ሌላው ያስታውሳል» አሉን።

እንዳሉት አደረግን። ዘሩን ለአምስት ቤት አካፈልነው፤ ጥቂቱንም በደረቅ ጠርሙስ አስቀመጥነው። የቅሉን ነገር ግን ልንመልሰው አልቻልንም። አንባቢ ሆይ፣ በእናትህ ቤት ጓዳ ወይም ምድጃ አጠገብ የተንጠለጠለች ቋጠሮ ያለች እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ሆነች ዛሬውኑ ጠይቅ፤ ክረምቱም ሳያልፍ ዝራት።