ማን አለብኝ

ውሻ ስም የሚወጣለት ለራሱ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። የልብን ፊት ለፊት መናገር ሲከብድ ውሻን ጠርቶ ማሰማት የቆየ ብልኃት ነው። እኔም ከአዲስ አበባ በካርቶን ይዤው አጋሮ የገባሁትን የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ «ማን አለብኝ» አልኩት። ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው፤ ከጂማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን የአባቴን የቡና ግቢ ሌባ አላስቀምጥ ብሎት ነበር። (በስም ነገርስ አገሩም አይታማም፤ የጂማው ንጉሥ አባ ጅፋር የሚጠሩበት ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው።)

ቡችላው በዓመቱ ጥጃ አከለ። ክፉ እንዲሆን ቀን በሰንሰለት አሰርኩት፤ ሌሊት ፈታሁት። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት። ጀርመኖቹ በ1899 እ.ኤ.አ. ዘሩን መመዝገብ ሲጀምሩ የፈለጉት በግ የሚጠብቅ፣ እረኛውን የሚሰማ ውሻ እንደነበር ያነበብኩት ኋላ ነው። የኔው አይሰማም። «ቁጭ በል!» እለዋለሁ፤ ሰማይ ያያል። አሥር ጊዜ እደግምለታለሁ፤ በአሥረኛው እኔው ደክሞኝ እቀመጣለሁ።

የሚሰማው ዘበኛችንን ብቻ ነበር። ሽማግሌው አጥባቂ ሙስሊም ናቸው፤ የውሻ ምራቅ ከነካቸው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባሉ። ያወጣሁለትን ስም አንድ ቀን ጠርተውት አያውቁም፤ «ሳሬ» ይሉታል፣ በኦሮምኛ ውሻ ማለት ነው። «ታኢ» ይላሉ፣ ቁጭ በል ነው፣ አንዴ ብቻ፣ በዝግታ። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። እስኪቀመጥ ድረስ ምግቡ ከእጃቸው አይወርድም።

«አባባ፣ ምን አድርገውት ነው?» አልኳቸው።

«አንተኮ ትለምነዋለህ» አሉኝ።

ኅዳር ላይ፣ እሸት ቡናው በአልጋ ተሰጥቶ ግቢው በለቃሚ በሞላበት ቀን፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። የአንዲት ለቃሚ ልጅ ነበር፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ክንዱን ነከሰው። ሰው ሲጮህ ውሻው ባሰበት። ሽማግሌው ከበሩ ሆነው «ዲሲ!» አሉ፤ ተው ማለት ነው። ለቀቀ።

ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥበን ልጁን ጂማ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። «ውሻው ተከትቧል?» ሲባል አንገቴን ደፋሁ። ለሰንሰለቱ ገንዘብ አላጣሁም፤ ለክትባቱ ግን ዛሬ ነገ ስል ዓመት አልፏል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ ወዲያ ተስፋ የለውም። ልጁ መርፌውን ጀመረ፤ ውሻው ሳይገደል 10 ቀን ይጠበቅ ተባለ፣ በሽታው ካለበት በዚያ ውስጥ ይለያልና። ባዶ የጀንፈል መጋዘን ውስጥ ዘጋንበት።

እነዚያን አሥር ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልናገርም። እናቲቱ ከሥራዋ አልቀረችም። በየጠዋቱ እኔን ዝም ብላ አልፋ ወደ መጋዘኑ ትሄዳለች፤ «ውኃ ጠጣ?» ብላ ሽማግሌውን ትጠይቃለች። «ጠጣ» ይሏታል። ወደ ቡናዋ ትመለሳለች። በ11ኛው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ፊት ቆመች።

«እሱስ ደህና ነው» አለችኝ። «አንተ መች ልታስከትበው ነው?»

በዚያው ሳምንት አስከተብኩት። የተበጠሰው ሰንሰለት የመጋዘን በር ማሰሪያ ሆነ። ስሙንም ትቼ «ሳሬ» ብዬ ጠራሁት፤ ዞር ብሎ አየኝና ተመልሶ ተኛ።