ጥያቄ አለ?

መምህራችን ትምህርቱን ሲጨርሱ ጠመኔያቸውን ያስቀምጡና «ጥያቄ አለ?» ይላሉ። እኛ ዝም። ደብተር እናጥፋለን፤ የምሳው ሰልፍ እንዳይረዝምብን በሩን በሩን እናያለን። አንድ ልጅ ብቻ እጁን ያወጣል። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር «ኧረ በናትህ!» የሚል ማጉረምረም ይነሣል። ማን እንዳለው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሁላችንም ነን።

ይህ ልጅ ከክፍል መቅረቱን ቶሎ አላስተዋልንም። ያስተዋልነው «ጥያቄ አለ?» ተብሎ አንድም እጅ ያልወጣ ዕለት ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እስከ ላቲን ሥሩ ድረስ እንድንከታተል ታዘን ነበር። ለኛ ቡድን «ኩዌስችን» ደረሰን። ላይብረሪ ገብተን መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ ሥሩ «ኳይሬሬ» ሆኖ አገኘነው፤ መፈለግ ማለት ነው። ደስ አለን። ታዲያ ከዚሁ ሥር «ኢንኩዊዚሽን»ም በቅሏል፤ ጋሊሊዮን እ.ኤ.አ. በ1633 ሮም ላይ አቁሞ ምድር ትዞራለች ማለቱን ያስካደው ችሎት መጠሪያ። በፈረንሳይማ «ኬስቲዮን» የሚለው ቃል ተከሳሽን አሠቃይቶ ማናዘዝ ማለትም ነበር፤ ሥርዓቱ በ1780 እና በ1788 በንጉሥ ትእዛዝ ደረጃ በደረጃ እስኪሻር ድረስ።

ሌላው ቃል «ሮጋሬ» ነው፤ መጠየቅም መለመንም ይሆናል። የሮማ ሹማምንት ሕግ ሲያወጡ ሕዝቡን ይጠይቁ ስለነበር ረቂቁ «ሮጋቲዮ»፣ ማለት ጥያቄ፣ ይባል ነበር። ከዚህ ሥር ደግሞ የመርማሪው «ኢንተሮጌሽን» እና ትዕቢተኛው «አሮጋንት» ወጥተዋል። ትዕቢተኛ ያልተሰጠውን «የኔ ነው» ባይ ነውና።

ሦስተኛው «ፐርኮንታሪ» ነው። ጀልበኞች የውሃ ጥልቀት ከሚለኩበት ረጅም ዘንግ መጣ ይባላል። እዚህ ላይ ስንደርስ ያ ልጅ ትዝ አለን። እኛ ዳር ቆመን ስናጉረመርም ዘንጉን ወንዙ ውስጥ የሚሰደው እሱ ነበር። ለሱ የተሰጠውን መልስ ደብተራችን ላይ ጽፈን ስንቱን ፈተና ተሻግረንበታል!

የኛውስ ቃል? በግዕዝ «ጠየቀ» መረመረ፣ አረጋገጠ ነው፤ «ጥዩቅ» የተረጋገጠ ማለት ነው። እኛ አላዋቂ እንዳንባል የምንሸሸው ቃል ከዕውቀት ሥር የበቀለ ኖሯል። አማርኛ ደግሞ አንድ ጨመረበት፦ የታመመም ይጠየቃል።

ቅዳሜ ብርቱካን ገዝተን ሄድን። ልጁ ወባ ጥሎት አክስቱ ቤት ተኝቷል። አክስቱ በሩን ከፍተው «ልትጠይቁት መጣችሁ? እሰይ፣ እሰይ ልጆቼ» ሲሉን አንገታችንን ደፋን። ከመጣን አይቀር ስለ ማጉረምረሙም ይቅርታ ጠየቅነው። «ተዉት እባካችሁ» አለና ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ።

«ባለፈው ሳምንት ምን ተማራችሁ?»

ደብተራችንን አውጥተን አነበብንለት። እስኪያልቅ አዳመጠና «ይኼ ግን ለምን ሆነ?» አለን።

ተያየን። መልስ አልነበረንም፤ ማንም አልጠየቀማ።