እንጥል ትርፍ ሥጋ አይደለም

እዚህ ሀዋሳ «ዶክተር፣ የልጄ እንጥል ወርዷል፤ ላስቆርጠው?» የሚሉኝ እናቶች አሉ። እኔም አፍንጫቸውን በጣታቸው ይዘው «ማማ» እንዲሉ እጠይቃቸዋለሁ፤ ድምፁ ይታፈናል። «ባባ» ሲሉ ግን አይለወጥም።

ለምን? ከሳንባ የሚወጣው አየር ጉሮሮ ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች ያርገበግባል፤ ምላስና ከንፈር ቃል ያደርጉታል። «ባ» ስንል እንጥል የተንጠለጠለበት ለስላሳ ላንቃ ተነስቶ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል፤ «ማ» ስንል ይከፍተዋል።

ምላጭ ይህን ላንቃ ከጎዳው ልጁ በአፍንጫው የሚናገር ሊሆን ይችላል። ከዚያም የከፋ አለ፦ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ሞት።

ልጁን የሚያስለው ወይም የሚያስመልሰው ምን እንደሆነ መርምረን እናውቃለን፤ እንጥሉን አታስቆርጡት። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።