አጣና ሆኖ የቀረው

ላስታ ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደረበ የቆመ ነው። ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል። የደረቀ እንጨት ግማሽ ያህል ክብደቱ ካርቦን ስለሆነ፣ ዛፉ ከዛጉዌ ዘመን አየር የሳበው ካርቦን እዚያው ግድግዳ ውስጥ አለ፤ ወደ ሰማይ አልተመለሰም። ዛሬ ስንት ጉባኤ የሚጠራበትን ጉዳይ የላስታ አናጢ ስሙን ሳያውቀው ሠርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣነው እኛ ያደረግነውን ሳስብ አንጀቴ ያርራል።

አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ መጥቶ ደጋው ተስማማው፤ ሲቆርጡት እያቆጠቆጠ ከመቶ ዓመት በላይ አገለገለን። (ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል የሚለው ክርክር ይቆየንና።) አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥና አጣና ይሆናል። ፎቅ ሲሠራ መወጣጫ ሆኖ ይታሰራል፤ ሲሰባበር ምድጃ ይገባል። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። እኛ ማደሪያውስ ነበረን፤ ግንድ እስኪሆን መጠበቅ ነው ያቃተን።

ባሕር ዛፍ ለጣውላ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል ይላሉ። ልጅ እግሩን ከቆረጡትማ እውነት ነው። እንዲወፍር ትተው፣ በወጉ ሰንጥቀው፣ ቀስ ብለው ሲያደርቁት ግን ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ ጣውላ ያወጡበታል። ለዚያ መሰንጠቂያና ማድረቂያ ቤት ያስፈልግ ነበር፤ ከጨረቃ የሚመጣ ዕቃ አይደለም።

ገበሬውን አልወቅስም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ገጠሩ የመሬት ሽግሽግ ሲጠብቅ ኖረ፤ አማራ ክልል ውስጥ በ1989 ዓ.ም. እንደገና ተደለደለ። ነገ የማን እንደሚሆን በማያውቀው ማሳ ላይ የሃያ ዓመት ግንድ የሚያሳድግ ማን ነው? የማዳበሪያው ዕዳ፣ የልጅ ሰርግ አለበት። የወሰኑት ሌሎች ናቸው፤ ይልቁንም ሳይወስኑ የተቀመጡት።

ዝግባው፣ ጥዱ፣ ዋንዛውና ኮሶው ከተመናመኑ በኋላ በ1986 ዓ.ም. ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በአዋጅ ተከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር። የሚተካቸውን ጣውላ ማን እንደሚያቀርብ ግን ያሰበበት የለም። እስቲ አሁን የቤት ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ ቁም ሳጥኑን አንኳኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ የገባ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ነው፣ ውሃ ከነካው የሚያብጥ። እኛ ደግሞ ለዓመታት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የጫንነው ያንኑ ያልተሰነጠቀ አጣና ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደርባን ላይ በአየር ንብረት ጉባኤ የተወሰነው የካርቦን ሒሳብ አያያዝ፣ በእንጨት ውስጥ የቀረውን ካርቦን ዛፉ ላደገበት አገር ይቆጥርለታል፤ ጣውላው ባሕር ተሻግሮ ቢሸጥም። ደንቡ የተጻፈው በኪዮቶው ውል ግዴታ ለገቡ ሀብታም አገሮች ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ማንንም ያስተምራሉ። የካርቦኑ ግማሽ እስኪወጣ ለተሰነጠቀ ጣውላ 35 ዓመት፣ ለቺፕውድና ለመሰሎቹ 25፣ ለወረቀት 2 ዓመት ይታሰባል። ማገዶ በተቆረጠበት ዓመት እንደ ጠፋ ይቆጠራል። አጣና የሚባል መደብ ጭራሽ የለም። መቶ ዓመት ሙሉ የተከልነው ዛፍ፣ የቆረጥነው፣ በአህያና በአይሱዙ ያመላለስነው ሁሉ፣ በዚህ መዝገብ ላይ ቢጻፍ አንድ መስመር አይሞላም!

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ለግልና ለማኅበረሰብ ደን ባለቤቶች መብታቸውን በሕግ አጸናላቸው። ስንት ሽግሽግ፣ ስንት ቆረጣ ካለፈ በኋላ። በዚያው ዓመት የተተከለው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አጣና ተራ ገብቷል።